ስምንት ወር ከልብስ ማድረቂያ ማሽን ጋር፦ ጥፋቱ የቱቦው ነበር

ባለፈው ግንቦት ለገጣፎ ለሚገኘው ቤታችን ሰባት ኪሎ የሚይዝ፣ 2,200 ዋት የሚወስድ የልብስ ማድረቂያ ማሽን ገዛን። በክረምት የሕፃን ልብስና አንሶላ ሦስት ቀን ገመድ ላይ ሰንብቶ ሻጋታ ሻጋታ እየሸተተ ሲገባ ለኖርን ሰዎች ግዢው ብዙ አላከራከረንም። ማሽኑ የክፍሉን አየር ስቦ በሬዚስታንስ ካሞቀ በኋላ በሚሽከረከረው ከበሮ ውስጥ ያሳልፈዋል፤ ከልብሱ የወጣውን እርጥበትም በቱቦ ወደ ውጭ ይገፋዋል። በሰኔ አንድ ሙሉ አጠባ በሃምሳ ደቂቃ ያደርቅ ስለነበር ያን ጊዜ ብጠየቅ ያለ አንዳች ነቀፋ አመሰግነው ነበር።

በሐምሌ መጨረሻ ያው አጠባ ሰዓት ተኩል፣ በነሐሴ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ ጀመር። የማሽኑ አናት እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል፤ ልብሱ ግን ትኩስ ሆኖ እርጥብ ይወጣል። የካርድ ቆጣሪያችንም ከወትሮው ቀድሞ ይጮኽ ነበር። በመጨረሻ ከበሮው እየዞረ ሙቀቱ ጭራሽ ጠፋ።

የጠራነው ጥገና ባለሙያ ማሽኑን ሳይከፍት «ሬዚስታንሱ ተቃጥሏል» አለ። ስንከፍተውና በቴስተር ስንለካው ሬዚስታንሱ ደኅና ነበር፤ የተበጠሰው ከአጠገቡ ያለው የሙቀት ፊውዝ ነው። ይህ ፊውዝ ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ አንድ ጊዜ ተበጥሶ የሚቀር እንጂ ሲቀዘቅዝ የሚመለስ አይደለም። ባለሙያው በሽቦ «ዳይሬክት እናድርገው» ሲል በጨዋነት አሰናበትነው፤ ቤቱን ከእሳት የሚጠብቀውን ዕቃ አውጥቶ ማሽኑን ማስነሣት ጥገና ሊባል አይችልም። አዲስ ፊውዝ ገዝቼ ራሴ ቀየርሁት፤ እርሱም በአራተኛው አጠባ ተበጠሰ። ፊውዝ ያለ ምክንያት እንደማይበጠስ ማሰብ የነበረብኝ ገና በመጀመሪያው ነበር።

ሦስተኛውን ፊውዝ ካስገባሁ በኋላ ቱቦውን ከማሽኑ ጀርባ ነቅዬ፣ በርና መስኮት ከፍቼ፣ አጠገቡ ቆሜ አንድ አጠባ አደረቅሁ። ክፍሉ በእንፋሎት ተሞላ፤ ልብሱ ግን በሃምሳ አምስት ደቂቃ ደረቀ። ከዚያ ቱቦውን መልሼ ገጥሜ በጓሮ በኩል ባለው መውጫ ላይ አንድ ቅጠል ሶፍት ያዝሁ፤ ሶፍቱ ከቦታው አልተነቃነቀም።

ቱቦው አራት ሜትር የሚሆን፣ እንደ አኮርዲዮን የሚጠቀለል ብርማ ፕላስቲክ ነበር። መሐሉ ላይ ረግቦ ሆድ አውጥቷል፤ በለገጣፎ ቅዝቃዜ እንፋሎቱ እዚያ ላይ ወደ ውኃ ሲለወጥ፣ ከማጣሪያው ያመለጠው የጨርቅ ብናኝ ከውኃው ጋር ተቦክቶ ጭቃ ሠርቷል። መውጫው ደግሞ የባሰ ነበር። የገጠመልን ሰው አይጥ እንዳይገባ ብሎ ቀዳዳውን በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ሸፍኖት ስለነበር ብናኙ ወንፊቱ ላይ ተጋግሮ እንደ ባና ወፍሯል። ከሁሉ ይበልጥ ብናኝ የሚያወጣው ጋቢ ነው። እኛም በዚያ ክረምት አራት ጋቢ ደጋግመን አድርቀናል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በገጣሚው ላይ አልጭንም።

ፕላስቲኩን ጥዬ አንድ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ዲያሜትሩ አሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ የላሜራ ቱቦ አሠራሁ። ማሽኑንም ወደ ውጭው ግድግዳ ስላስጠጋሁት ርዝመቱ ወደ ሜትር ተኩል ወርዷል፤ ያለውም አንድ መታጠፊያ ብቻ ነው። በረዘመና በታጠፈ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይደክማል፤ ከባሕር ጠለል በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ደግሞ አየሩ ራሱ የሳሳ በመሆኑ ትንሽ መታፈን እንኳ ሬዚስታንሱን ቶሎ ያግለዋል። መጋጠሚያዎቹን በአሉሚኒየም ፕላስተር አጣበቅሁ እንጂ በብሎን አልመታሁም፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የብሎን ጫፍ ብናኝ ይይዛልና። ቱቦው ውኃ እንዳያቁር ወደ ውጭ ጥቂት ያዘነበለ ሲሆን፣ መውጫው ላይ በወንፊቱ ፈንታ አየር ሲገፋው የሚከፈት፣ ማሽኑ ሲቆም የሚዘጋ ክዳን አለ።

ከመስከረም ወዲህ አንድም ፊውዝ አልተበጠሰም፤ አንድ አጠባም ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ አያውቅም። ማጣሪያውን በየአጠባው እንጠርጋለን። በወር አንድ ጊዜ ውኃ እናፈስበታለን፤ ውኃው ሳያልፍ ማጣሪያው ላይ ከቆመ የልብስ ማለስለሻው ቅባት ደፍኖታል ማለት ስለሆነ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እናጥበዋለን። ቱቦውን በበጋ በሦስት ወር፣ በክረምት በየወሩ ፈትቼ እጠርገዋለሁ። ይህን ከማድረጌ በፊት ሶኬቱን እነቅላለሁ።

የኤሌክትሪክ መቋረጥ በዚህ ማሽን ላይ ካሰብሁት በላይ ያስቸግራል። መብራት በመሐል ሲጠፋ ነፋሱም ስለሚቆም የጋለ ልብስ ታፍኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ወዲያው አውጥቶ መበተን ያስፈልጋል። ማንም ቤት በሌለበት ማሽኑን የማናስነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው። የምግብ ዘይት የነካው የወጥ ቤት ጨርቅና ቅቤ የጠጣ ሻሽ ቢታጠቡም እንኳ አይገቡበትም፤ ቅባት በሙቀት ውስጥ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ድምፁ መካከለኛ ነው፤ የበሩ ላስቲክም እስካሁን አልላላም። ግድግዳ መብሳት ለሚችል፣ ጓሮ ላለው ቤት ማሽኑን ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖርና ቱቦውን ወደ ጋራ ኮሪደር ለማውጣት ለሚያስብ ግን አልመክርም፤ እርጥበቱም ብናኙም የጎረቤት ይሆናል። ጋቢዎቹን ዛሬም እናደርቅበታለን፤ ይሁንና መጀመሪያ ግማሽ ቀን ገመድ ላይ ይውላሉ፣ አንድ አንድ እየሆኑም ይገባሉ።