ዳታ እንሙላ፣ ታብሌት እንግዛ ወይስ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል?

ከቢቸና፣ ከሞጣ፣ ከፍኖተ ሰላም የሚደውሉልኝ መምህራን የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። ዳይሬክተሩ ትንሽ ብር ፈቅዷል። ተማሪው ራሱ ጠይቆ፣ ራሱ ሞክሮ የሚደርስበት ትምህርት መጀመር ይፈልጋሉ፤ ኢንተርኔት ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ሰምተዋል። ታብሌት እንግዛ ወይስ ዳታ እንሙላ ይላሉ።

የኔ መልስ ሁለቱንም አይደለም። አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ፣ አንድ ራውተርና አንድ ኦርጅናል ሚሞሪ ግዙ። የሚያስፈልገውን መምህሩ ማታ ከኢንተርኔት ያውርድበት፤ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ የወረደውን በራውተሩ ዋይፋይ በኩል በስልክ ይክፈቱት።

እስቲ ብሩን እናስላ። ደብረ ማርቆስ ላይ በቅርብ ያየሁት ርካሽ ታብሌት 9,000 ብር ነው። ለ50 ተማሪ አምስት አምስት ሆነው 10 ታብሌት ያስፈልጋል፤ 90,000 ብር ማለት ነው። ይሄ ገና መግዣው ነው። ስም የሌለው ታብሌት መስታወቱ ሲሰነጠቅ መለዋወጫው እዚህ አይገኝም፤ አዲስ አበባ ይላካል፤ ብዙ ጊዜም «አዲስ ብትገዙ ይሻላል» ተብሎ ይመለሳል። በአንጻሩ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ 16,000፣ ያገለገለ ራውተር 1,300፣ ባለ 128 ጊጋ ኦርጅናል ሚሞሪ 1,500 ብር አግኝቻለሁ። ድምሩ 18,800 ብር ነው። ዋጋው ከሱቅ ሱቅ ይለያያል፤ ልዩነቱ ግን በዚህ ደረጃ አይጠብም።

ዳታውስ? አንድ አጭር ቪዲዮ 30 ሜጋ ነው እንበል። በ10 ስልክ 300 ሜጋ፣ በቀን አራት ክፍል ካስተማራችሁ 1.2 ጊጋ፣ በ20 የትምህርት ቀን 24 ጊጋ። ያውም ለአንድ መምህር፣ በቀን ለአንድ ቪዲዮ ብቻ። የዛሬውን የጥቅል ዋጋ አባዙበት። የከፈላችሁበት ሁሉ ወሩ ሲያልቅ የለም፤ የወረደው ግን ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪም ይሆናል። ደግሞ በ2015 ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት እንደቆየ ሁላችንም እናውቃለን። ያን ጊዜ ትምህርቱን በዳታ ላይ ያቆመ ሰው ባዶ እጁን ቀረ።

አሁን ወደ ሚሞሪው። እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። አንድ ወዳጄ ለትምህርት ቤቱ በ400 ብር ሂሳብ «128 ጊጋ» የሚሉ ሚሞሪዎች ገዛ። ስልኩም ኮምፒውተሩም 128 ብለው አነበቡት። ፋይሉም ያለምንም ስህተት ተገለበጠ። ክፍል ገብቶ ሲከፍት ግማሹ አይሠራም። ፎርጅድ ነበር። እንዲህ ያለው ሚሞሪ ውስጡ 8 ወይም 16 ጊጋ ብቻ ይሆንና ትልቅ ነኝ ብሎ እንዲያወራ ተደርጎ ይሠራል፤ ሲሞላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል ወይም ዝም ብሎ ይጥለዋል። ስለዚህ የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑ። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ (H2testw) የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ሚሞሪውን እስከ ጫፉ ጽፎ መልሶ ያነባል። ሰዓታት ይፈጃል፣ ሱቅ ቆማችሁ አትጨርሱትም። ባለሱቁን «ሙሉ ካልያዘ እመልሳለሁ» ብላችሁ ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። እምቢ ካለ ውጡ።

ኦርጅናል ሆኖም አንድ ችግር አለ። ሚሞሪው ወይም ፍላሹ ፎርማት የተደረገበት ዓይነት ፋት 32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። «ቦታ አለው ግን አልገለብጥ አለኝ» የምትሉኝ ሁሉ ችግራችሁ ይሄ ነው። ኤክስ ፋት (exFAT) አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት።

ላፕቶፑን ስትገዙ ውበቱን ተዉት። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ሻጩ ፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ያህል አስኪዱት። ባትሪው ካልቻለ ዋጋውን አስቀንሱ፤ ተተኪ ተብሎ የሚሸጠው ባትሪ ብዙው ኮፒ ነው፣ ሳይከርም ይደክማል። መብራት ሲሄድ የሚያተርፋችሁ ባትሪው ነው። ራውተሩ በ9 ወይም በ12 ቮልት ስለሚሠራ ከፓወር ባንክ ቮልቴጅ ከፍ በሚያደርግ ገመድ ይነሳል፤ ገመዱ ርካሽ ነው።

ኪዊክስን (Kiwix) ላፕቶፑ ላይ ጫኑ፤ የወረደ ዊኪፔዲያና የመሳሰለውን ያለ ኢንተርኔት የሚከፍት ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ ይበልጣል፣ ያለ ሥዕል ግማሹን ያህል ነው፤ ለ128 ሚሞሪ ያለ ሥዕሉ ይበቃል። የአማርኛው ወደ 15 ሺህ ገጽ ቢሆን ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ጫኑት። ከዚያ ኪዊክስ ውስጥ ያለውን ሰርቨር፣ ማለትም የወረደውን ለስልኮቹ የሚያካፍለውን ክፍል፣ ስታስነሱ አድራሻ ያሳያችኋል። ስልኮቹ ከራውተሩ ዋይፋይ ጋር ተገናኝተው አድራሻውን ብራውዘር ላይ ይጽፋሉ። ካልከፈተ ዊንዶውሱ ከልክሎ ይሆናል፣ ፍቀዱለት። ስልኩም «ኢንተርኔት የለም» ብሎ ወደ ዳታ ሊዞር ይሞክራል፤ ዳታውን አጥፉ። ተማሪ ስልክ ይዞ መግባት በተከለከለበት ትምህርት ቤት የመምህራኑን ስልክ ሰብስቡ፤ አሥር አይጠፋም።

ከሚጫኑት ሁሉ እኔ የማስቀድመው ፌትን (PhET) ነው። የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዊማን በ2002 እ.ኤ.አ. በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው፤ ተማሪው ራሱ እየነካካ የሚሞክርበት የሳይንስ ማሳያ ነው። በኪዊክስ በኩል አንድ ላይ ይወርዳል። ኮሊብሪ (Kolibri) የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ ካን አካዳሚ የሚባለውን ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮዎች ያለ ኢንተርኔት ያሳያል። ጎበዝ ነው፣ ግን ቪዲዮ መልሱን ይነግራል። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የመጣውን ፕላዝማ ያስተማረ ሰው ይገባዋል፤ ቴሌቪዥኑ ይናገራል፣ ተማሪው እጁን ሳያወጣ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። ኮሊብሪን ለክለሳ አድርጉት።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። «ባቄላ ደብረ ማርቆስ ለምን ቆይቶ ይበስላል፣ ዓባይ በረሃ ግን ቶሎ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ አትስጡ። ተማሪዎቹ ውሃ አፍልተው በቴርሞሜትር ይለኩ፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ዓባይ ድልድይ ወርዶ የለካ ሰው ካለ ወደ 96 ያገኛል። ምክንያቱ የአየር ግፊት ነውና፣ ከዚያ ፌት ላይ የዕቃውን ክዳን እየተጫኑ ግፊት ሲለወጥ ሞለኪዩሎቹ ምን እንደሚሆኑ ይዩ። ዊኪፔዲያውን መጨረሻ ላይ ይክፈቱት። ፋይፎክስ (phyphox) የሚባለው የጀርመኑ የአኽን ዩኒቨርሲቲ መተግበሪያም ስልኩን መለኪያ ያደርገዋል፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ነገር ግን የአየር ግፊት መለኪያ ርካሽ ስልኮች ላይ አይገኝም፤ ለዚያ ብላችሁ ስልክ አትግዙ። ማይክሮፎን ሁሉም ስልክ አለው፤ በሁለት ስልክና በጭብጨባ የድምፅን ፍጥነት መለካት ይቻላል።

ኢንተርኔት የሚያሸንፍበት አንድ ቦታ አለ። ጉግል ኧርዝ ላይ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያሉ የሳተላይት ምስሎች በየዓመቱ ተደርድረዋል። የጮቄን ተራራ ተማሪ እንዲያየው አድርጉ፤ ጥያቄው ራሱ ይመጣል። እሱንም ቢሆን መምህሩ ማታ ስክሪኑን ቀድቶ ቢያመጣው ይሆናል። ተማሪዎች በወረቀት ያስቀሩትን ጥያቄም እንደዚሁ ማታ ፈልጉላቸው።

እኔ ያወረድኩትን ፋይል ለመገልበጥ የምትመጡ ቢያንስ 64 ጊጋ ባዶ ቦታ ያለው፣ ኤክስ ፋት የሆነና የተፈተሸ ሚሞሪ ይዛችሁ ኑ። በቴሌግራም ላክልን አትበሉኝ፣ ዳታችሁን ይበላዋል።