የሰፈር ጓሮ አትክልት ሥልጠና፦ ከውጭ ለእረፍት ለምትመጡ

አዲስ አበባ ስትመጡ የቤተሰቡን ጓሮ ለማልማት ካሰባችሁ፣ በጎ ፈቃደኛ የግብርና ባለሙያዎች በሰፈር የሚሰጡትን ነፃ ሥልጠና አጠያይቃችሁ ግቡበት። በአሜሪካ ከዋሽንግተን ግዛት ከተጀመረው የማስተር ጋርደነር ፕሮግራም ጋር ሐሳቡ አንድ ነው፤ የሠለጠነው ጎረቤቱን ያሠለጥናል። የእኛው ግን መሬት የሌለውንም ተከራይ ያስባል፤ ይህ በጣም ደስ ይላል።

ለጆንያ እርሻው፣ ማለትም አፈር በተሞላ ጆንያ ላይ አትክልት ለማብቀሉ ትምህርት ብቻ እንኳ መሄድ ያዋጣል። ታችና ላይዋ የተቆረጠ የዘይት ቆርቆሮ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ መሐል ትቆማለች። ውስጧ ጠጠር፣ ዙሪያዋ አፈር ይሞላል፤ ከዚያ ወደ ላይ ተስባ እንደገና ትሞላለች፣ እንዲህ እያለ እስከ አፉ። ጠጠሩ የውኃው መውረጃ ነው። እሱ ከሌለ ላዩ ጭቃ ሆኖ የታችኛው ችግኝ በጥም ይጠወልጋል። አፈሩ ሦስት እጅ፣ የበሰለ ኮምፖስት ሁለት እጅ፣ አሸዋ አንድ እጅ ይደባለቃል፤ ዋልካ አፈር ብቻውን ሲረጥብ ሥሩን ያፍናል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጎኑ ላይ በ20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ቀዳዳ ተበጅቶ ቆስጣ፣ ሰላጣና የሐበሻ ጎመን ይተከላል። ካሮት ከላይ እንጂ ከጎን አይሆንም።

አሠልጣኞቹ ኮምፖስት ላይም አይቸኩሉም፣ ልክ ናቸው። ያልበሰለ ፍግ የችግኝ ሥር ያቃጥላል። የኮምፖስቱ እርጥበት በእጅ ሲጨበጥ ተያይዞ ውኃ የማያንጠባጥብ መሆን አለበት። ከሸተተ ውኃ በዝቶበታል ማለት ነው፤ ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል ጨምሮ ማገላበጥ ነው። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን አይብዛበት፣ ቶሎ አይበሰብስም።

የሚከፋው ችግኝ አሰጣጡ ነው። ከጥላ ወጥቶ በዚያው ቀን ለሰው የሚታደል ችግኝ ፀሐይ ላይ ሲተከል ይጠወልጋል፤ ሳምንት ያህል ቀስ በቀስ ፀሐይ ማለማመድ ያስፈልግ ነበር። ቲማቲም በሐምሌ ማደልም ተገቢ አይደለም፤ በክረምቱ እርጥበት ቅጠሉ ጠቁሮ ያልቃል። ከመስከረም በኋላ ውኃ እያጠጡ መትከል ይሻላል። ከተተከለ በኋላ ቤት ድረስ መጥቶ የሚያይ ሰውም የለም፤ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ጎመኑን ሲወርረው ቅጠሉን ገልብጦ በሳሙና ውኃ ማጠብን የሚያሳይ አንድ ጉብኝት ቢኖር ብዙ ጓሮ ይተርፍ ነበር።

ዘር በሻንጣ አታምጡላቸው፤ የኳራንቲን (የዕፅዋት ተባይና በሽታ ቁጥጥር) ፈቃድ ይፈልጋል። ጥሩ የመግረዣ መቀስና ወንፊት አፍ ያለው ውኃ ማጠጫ ቢመጣላቸው ግን በየሥልጠናው ይሠሩበታል።