ካምቢዮ ያስቀየርኩበት ጋራዥ፣ ጅማ አጂፕ አካባቢ

መኪናዬ የ2003 ኮሮላ ናት፣ አውቶማቲክ። ክረምት መግቢያ ላይ ነው የጀመራት። ማርሹን ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይ ሳስገባት ሁለት ሦስት ሰከንድ ምንም አትልም፣ ከዚያ በድንገት ገጭ ብላ ትነሳለች። አንድ እሁድ እንግዳ ይዤ ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስወጣ ዳገቱ መሀል ላይ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናዋ አትሄድም። አፍሬ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የወሰድኳት ቦታ ዘይቱን እንኳ ሳያዩ «ሶሌኖይድ ነው» ብለው ያንን የካምቢዮውን ዘይት በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ዕቃ ቀየሩ። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሆነች።

አጂፕ ያሉት ግን ሌላ ናቸው። ትልቁ መካኒክ መፍቻ ከማንሳቱ በፊት ሞተሩን አሙቆ፣ ማርሹ ፒ (ፓርክ) ላይ ሆኖ ሞተሩን ሳያጠፋ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ አውጥቶ ነጭ ጨርቅ ላይ ጠረገው። ቀይ መሆን የነበረበት ዘይት የቡና አተላ መስሏል። «ልጄ፣ እስቲ አሽትተው» አለኝ፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ኮምፒውተር ሰክቶ አየ፣ ከዚያ ከሥር ያለውን የዘይት ቋት አወረደ። ቋቱ ውስጥ የብረት ብናኝ የሚይዘው ማግኔት ላይ ግራጫ ልም ነገር ቢኖር ባረጀ ካምቢዮ ያለ ነው፤ የኔ ላይ ግን በጥፍር የሚያዝ የብረት ስንጥር እና ከፍሪሲዮኑ (ካምቢዮው ውስጥ ማርሽ ከሚይዙት ሳህኖች) የተላጠ ጥቁር ፍርፋሪ ነበር። «አሁን ዘይት ብትቀይር ብርህን ነው የምትደፋው» አለኝ ቁርጡን።

ያገለገለ ካምቢዮ ከአዲስ አበባው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ አስመጣን። በር ሥር ካለው ሰሌዳ የካምቢዮውን ኮድ ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር፣ ሞተሩ አንድ ስለሆነ ብቻ ካምቢዮውም ይገጥማል ማለት አይደለም። በጣም የወደድኩት ደግሞ ይሄ ነው፦ ከመግጠሙ በፊት ወደ ራዲያተር የሚሄደውን የዘይት መስመር አጠበው። የወጣውን ጥቁር ነገር በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር፤ ያ ሁሉ ቆሻሻ የመጣው ካምቢዮ ውስጥ ሊገባ ነበር። የሞተሩን ኃይል ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ኮንቨርተርም እስከ ጥግ መግባቱን ሳያረጋግጥ አላሰረም፤ ሳይገባ በብሎን ከተሳበ የዘይት ፓምፑን ይሰብረዋል።

ቅሬታም አለኝ። ሦስት ቀን ብለውኝ ስድስት ቀን ፈጀ፣ ስልክም አያነሱም። የሦስት ወር ዋስትናውን በቃል ነበር የነገሩኝ፣ ጨቅጭቄ ነው ደረሰኝ ላይ ያስጻፍኩት፤ እናንተም አስጽፉ። የእጅ ዋጋው ግን መጀመሪያ ከተነገረኝ ብር አላለፈም።

ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ መንገድ ሰኮሩ ድረስ ሁለቴ ሄጄ ተመልሻለሁ። ማርሽ ስትቀይር አይሰማም፣ ዘይቷም እስካሁን ቀይ ነው። የምትሄዱ ከሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ከምሳ በኋላ ግቢው ይሞላል።