ከሁለት ዲሽ ወደ አንድ ኬብል፦ ስፕሊተር፣ የ22 ኪሎኸርዝ ስዊች ወይስ ዳይሴክ?

በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ ሁለት ዲሾች ጎን ለጎን ቆመው ማየት የተለመደ ነው፤ አንዱ ኢትዮሳት ወደሚተላለፍበት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12፣ ሌላው በ7 ዲግሪ ምዕራብ ወዳለው ናይልሳት የዞሩ ናቸው። ሳተላይቶቹ 64 ዲግሪ ስለሚራራቁ፣ ለተቀራረቡ ሳተላይቶች የሚሠራውን ሞኖብሎክ ኤልኤንቢ (ኤልኤንቢ ዲሹ ፊት ላይ የሚገጠመው ሲግናል ተቀባይ ነው) ገዝቶ በአንድ ዲሽ መገላገል አይቻልም። የሚቀረው ምርጫ ከሁለቱ ዲሾች የሚመጣውን ሲግናል በአንድ ኬብል ወደ ሪሲቨሩ የሚያወርደው ዕቃ የትኛው ይሁን የሚለው ነው።

ርካሹ ስፕሊተር፣ ማለትም ኬብሎችን ያለ ምርጫ የሚያገናኘው ማከፋፈያ፣ ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን ፈጽሞ አልመክረውም። ሁለቱም ኤልኤንቢዎች የተቀበሉትን ሲግናል ከ950 እስከ 2150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ተመሳሳይ ክልል አውርደው ስለሚልኩ፣ በአንድ ኬብል አንድ ላይ ሲለቀቁ እርስ በርስ ይደራረባሉ።

የ22 ኪሎኸርዝ ስዊች ከዚህ ይሻላል፤ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ አንዱን ዲሽ ብቻ ያሳልፋል፣ የሚመርጠውም ሪሲቨሩ የ22 ኪሎኸርዝ ድምፅ (ጆሮ የሚሰማው ሳይሆን በኬብሉ የሚላክ የኤሌክትሪክ ምልክት) በመላኩና ባለመላኩ ነው። ችግሩ ዝቅተኛውንም ከፍተኛውንም ባንድ (የፍሪኩዌንሲ ክልል) የሚቀበለው ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢም ከ11.7 ጊጋኸርዝ በላይ ወዳለው ባንድ ለመሸጋገር የሚጠብቀው ያንኑ ድምፅ መሆኑ ነው። አንድ ምልክት ለሁለት ሥራ ሲውል ከየሳተላይቱ ግማሹ ባንድ ይታጣል፤ ናይልሳት ደግሞ በሁለቱም ባንዶች ስለሚያሰራጭ ገዢው የከፈለበትን ሁሉ አያገኝም።

ለየዲሹ ኬብል የተለየ በር (መግቢያ) ያለው ስዊች፣ ዳይሴክ፣ ይህን አጣብቂኝ ይፈታል። ሪሲቨሩ በዚያው ድምፅ ላይ አጭር ኮድ አሳፍሮ «ሁለተኛውን በር ክፈት» ብሎ ያዛል፤ በሩ ከተከፈተ በኋላ 13 እና 18 ቮልቱ ቁምና አግድም ሲግናልን፣ ድምፁም ባንድን ለመምረጥ ነፃ ይሆናሉ። ባለሁለት በሩ ለሁለት ዲሽ ይበቃል፤ እኔ ግን ባለአራቱን እመርጣለሁ፤ አንዱ በር ቢበላሽ ኬብሉን ወደ ሌላው አዛውሮ የበሩን ቁጥር ከሪሲቨሩ ላይ መቀየር ብቻ ይበቃልና። ሁለት ቴሌቪዥን ያለው ቤት ግን ሁለት ሪሲቨሮች በአንድ ዳይሴክ ላይ የተለያየ ትእዛዝ ስለሚሰጡ፣ መልቲስዊች (ለብዙ ሪሲቨሮች ሲግናል ለየብቻ የሚያድል ስዊች) ወይም ባለሁለት መውጫ ኤልኤንቢ፣ ሁለት ዳይሴክና ሁለት ኬብል ያስፈልገዋል።

ሲገዙ የዝናብ መከላከያ ሽፋን ያለውን ይጠይቁ። በአንድ ክረምት የእኛ ቤት ኢትዮሳት ሲጠፋ ኤልኤንቢውን ቀይሬ ለውጥ አላገኘሁም፤ በመጨረሻ ዳይሴኩን ስፈታ አፉ ወደ ላይ ተሰቅሎ ኖሮ ውስጡ ውሃ ቋጥሮ፣ የኬብሉ መዳብም አረንጓዴ ዝገት ይዞ ተገኘ። ስለዚህ ለዲሾቹ ቅርብ በሆነ ቦታ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ አፉን ወደ ታች አድርጎ ማሰር ይገባል። ኮኔክተር ሲገጠም ከኬብሉ ሽቦ መረብ አንዲት ክር እንኳ የመሐሉን መዳብ ከነካች ሾርት ስለምትፈጥር፣ ማንኛውም ኬብል ከመነካቱ በፊት ሪሲቨሩ ከሶኬት መነቀል አለበት።