የኒም ዘይት ለአፕል ዛፍ፦ ደብረ ብርሃን ላይ ሞክሬው

ጓሮዬ ውስጥ ያሉት የአፕል ዛፎች አና እና ዶርሴት ጎልደን ናቸው። የሚያስቸግራቸው ነገር አንድ ነው፤ ጥጥ ለባሹ ክሽክሽ የሚባል ተባይ። ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ጥጥ የተለጠፈ ይመስላል። በጣት ጫን ሲሉት ግን ቀላ ያለ ፈሳሽ ይወጣዋል። ጥጡ ሰም ነው፣ ነፍሳቱ ከሥሩ ተሸሽገው የዛፉን ፈሳሽ ይመጥጣሉ። የቆዩበት ቅርንጫፍ ያባብጣል።

ለዚህ ብዬ ከኒም ዛፍ ዘር ሳይሞቅ የተጨመቀ ዘይት ገዛሁ። ይሠራል። ግን አጠቃቀሙን ይፈልጋል።

መጀመሪያ የኛ ብርድ አለ። ጠዋት ጠርሙሱን ስታነሱት እንደ ቅቤ ረግቶ ታገኙታላችሁ። አልተበላሸም። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቁሙት፣ ይቀልጣል። የፈላ ውኃ ግን አይሆንም፣ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። ከዚያ ለአንድ ሊትር ውኃ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት በቂ ነው። ዘይቱን መጀመሪያ ከጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጋር አዋህዱት፤ ያለዚያ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። የበጠበጣችሁትን በዚያው ቀን ጨርሱት።

ትልቁ ነገር ብሩሽ ነው። ሰሙ ውኃ አያስጠጋም፣ ከላይ ብትረጩት ተንከባሎ ይወርዳል። እኔ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ውህዱ ውስጥ እየነከርኩ፣ የቅርንጫፉን መጋጠሚያና የቅርፊቱን ስንጥቅ እፈትጋለሁ። ርጭቱ ከዚያ በኋላ ነው። የምረጨው ሲመሻሽ ነው። ፀሐይ ኒምን ቶሎ ታፈርሰዋለች፣ ንቦችም በዚያ ሰዓት ቀፏቸው ገብተዋል። አበባ ላይ ፈጽሞ አልረጭም፤ ያለ ንብ አፕል የለም።

በማግስቱ ሁሉም ሞቶ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ኒም ነፍሳቱን ምግብ ያስጠላቸዋል፣ ቆዳ ቀይረው እንዳያድጉም ያግዳቸዋል። ቀስ እያለ ነው ለውጡ የሚታየው፤ በየሳምንቱ መደጋገም ያስፈልጋል። ሽታው ከባድ ነው፣ ልብስ ላይ ይቀራል።

ቅር ያሰኘኝ ጠርሙሱ የተመረተበት ቀን የሌለው መሆኑ ነው። ባለሱቁን ብጠይቀው «ኧረ አይበላሽም» አለኝ። ይዳከማል እንጂ! ቀን ያልተጻፈበትን አትግዙ።

ሌላው፣ ይህ ክሽክሽ አፈር ውስጥ ገብቶ ሥር ላይም ይኖራል። የኒም ርጭት እዚያ አይደርስም፣ ስለዚህ ከታች ተመልሶ ይወጣል። አዲስ ችግኝ የምትገዙ ከሆነ የላይኛው ዛፍ የተቀጠለበት ሥር ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁ። ኤም ኤም 106 ቢሆንላችሁ ጥሩ ነው። እንግሊዝ አገር ኖርዘርን ስፓይ ከተባለ ክሽክሹን ከሚቋቋም የአፕል ዝርያ ተዳቅሎ የወጣ ሥር ነው። ላዩን ከመጠበቅ ባያድናችሁም፣ ሥሩን ያተርፍላችኋል።

ለጓሮ ዛፍ ይህን ዘይት ደግሜ እገዛዋለሁ። ሰፊ ማሳ ላለው ሰው ግን አልመክርም፤ ያን ሁሉ ቅርንጫፍ በብሩሽ መፈተግ አይቻልም።