የጃንጎ የመግቢያ ሥርዓት፦ በሩ ጠንካራ ነው፣ ጓዳው የእናንተ ሥራ

ሥራዬ ለቁጠባና ብድር ማህበራት ሲስተም መሥራት ነው። መስኮት ላይ ገንዘብ ተቀባይ አለች፣ ከኋላ የብድር ባለሙያ አለ፣ ከላይ ሥራ አስኪያጅ አለ። ሁሉም በአንድ ሲስተም ይገባሉ፤ ሁሉም ግን ሁሉን ማየት የለባቸውም። ማን ገባ? ምን መንካት ይችላል? እስከ መቼ ገብቶ ይቆያል? ለእነዚህ ጥያቄዎች የምጠቀመው ከጃንጎ (Django፣ በፓይተን ቋንቋ የድረ ገጽ ሲስተም መሥሪያ ማዕቀፍ) ጋር አብሮ የሚመጣውን የተጠቃሚዎች አስተዳደር ነው። የምወደው ብዙ ነገር አለው፤ የሚያናድደኝም አላጣሁም።

ከዋጋው ልጀምር። ነፃ ነው። የመግቢያ አገልግሎት የሚያከራዩ ጥሩ ጥሩ የውጭ ድርጅቶች አሉ፤ ክፍያቸው ግን በዶላር ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በየወሩ በዶላር መክፈል ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል። ጃንጎ ላይ ተጠቃሚውም፣ ፓስወርዱም፣ ሴሽኑም (ማን ገብቶ እንዳለ የሚይዘው መዝገብ) እዚያው የራሴ ዳታቤዝ ውስጥ ናቸው። ሰርቨሩ ቢሮ ውስጥ ከሆነ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሰው ገብቶ ሥራውን ይሠራል።

ፓስወርድ አያያዙ እንከን የለውም ማለት ይቻላል። ፓስወርዱ እንዳለ አይቀመጥም፤ ሃሽ ይደረጋል፣ ማለትም ወደ ኋላ በማይመለስ ስሌት ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጃንጎ 5.2 ቨርዥን ስሌቱን 1,000,000 ጊዜ ይደጋግመዋል። ደካማ ሰርቨር ላይ መግባት ትንሽ ይዘገያል፤ ይዘግይ፣ ለሌባም ይዘገይበታል። አዲስ ቨርዥን ስትጭኑ የድሮው ሃሽ ሰውዬው ሲገባ በራሱ ይታደሳል፤ እሱ ምንም አያውቅም። ከ8 ፊደል ያነሰ፣ ወይም ቁጥር ብቻ የሆነ ፓስወርድም አይቀበልም። ስልክ ቁጥሬን ላድርገው የሚል ሰው እዚህ ጋ ይቆማል። እኛ ቤት ይሄ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የሚሆነውን ነው። አድሚኑን (የጃንጎን ማስተዳደሪያ ገጽ) ከፍቼ፣ ስሙ ላይ ገብቼ፣ «አክቲቭ» ከሚለው ሳጥን ምልክቱን አነሳና ሴቭ እላለሁ። በቃ። ሰውዬው በዚያች ደቂቃ የብድር ገጹ ፊቱ ተከፍቶ ቢሆን እንኳ ቀጥሎ የሚጫነው ቁልፍ ወደ መግቢያው ገጽ ይመልሰዋል። ጃንጎ ከብሮውዘሩ ለሚመጣ ለእያንዳንዱ ጥያቄ፣ ብሮውዘሩ ከያዘው ምልክት ማለትም ከኩኪው ሴሽኑን፣ ከሴሽኑ ተጠቃሚውን አውጥቶ አሁንም አክቲቭ መሆኑን ስለሚያይ ነው። የቶክኑን (ተጠቃሚው ይዞት የሚዞር የተፈረመ የይለፍ ወረቀት መሰል ነገር) ፊርማ ብቻ አይቶ በሚያሳልፍ ሲስተም ግን ያ ሰው ቶክኑ ጊዜው እስኪያልፍ ድረስ እንደ ልቡ ይገባል። ቶክን ፋሽን ስለሆነ ብቻ የምትጠቀሙ ይህችን አስቡባት። ፓስወርድ ሲቀየርም እንደዚሁ ነው፦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተከፈቱት ሴሽኖች ሁሉ ይወድቃሉ።

ቅንብሩ ካልተነካ ሴሽኑ ለሁለት ሳምንት ይቆያል። የራሱ ላፕቶፕ ላለው ሰው ጥሩ ነው። ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ኮምፒውተር በሚፈራረቁበት መስኮት ላይ ግን አደጋ ነው። አንዷ ምሳ ትወጣለች፣ ሌላዋ ትቀመጣለች፣ ከሰዓት የተቆረጠው ደረሰኝ ሁሉ በመጀመሪያዋ ስም ይሆናል። ማታ ሂሳብ ሲጎድል ማን ይጠየቃል? መፍትሔው ቀላል ነው፤ ዕድሜውን ወደ 10 ደቂቃ አውርዱና በየጥያቄው እንዲታደስ አድርጉት። ያኔ እየሠራ ያለን ሰው አያቋርጥም፣ ዝም ያለውን ግን ያስወጣል። «ብሮውዘሩ ሲዘጋ ይውጣ» የሚለው ምርጫም አለ። እሱን አትመኑት። ክሮም ላይ «ካቆምኩበት ልቀጥል» የሚለው ከተመረጠ ብሮውዘሩ ተዘግቶ ሲከፈት ኩኪውም አብሮ ይመለሳል።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ፦ የገባው ሰው ምን መንካት ይችላል? ጃንጎ ለእያንዳንዱ ሞዴል (እንደ ብድር ላለ የመረጃ ዓይነት) አራት ፈቃድ ይሰጣል፦ መጨመር፣ መቀየር፣ መሰረዝ፣ ማየት። ግሩፕ ፈጥራችሁ ታድላላችሁ። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ግን ደንበኛ እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ደንበኛ የሚለው «የሐዋሳ ባለሙያ የሐዋሳን ብድር ብቻ ይይ» ነው። ይሄ የለም። ይባስ ብሎ «ይህን አንድ ብድር መቀየር ይችላል ወይ?» ብላችሁ ብድሩን ለይታችሁ ስትጠይቁት፣ ሰውዬው ብድር የመቀየር ፈቃድ ኖሮትም «አይችልም» ይላችኋል። ስህተት አይደለም፣ አሠራሩ ነው፤ ግን አዲስ ሰው ራሱን ይዞ ይቀመጣል። እኔ ከዳታቤዙ የሚመጣውን ዝርዝር ራሱን በቅርንጫፍ አጣራዋለሁ፤ ጃንጎ ጋርዲያን የሚባለው ተጨማሪ ጥቅልም አለ። ደግሞ በሱፐርዩዘር እየገባችሁ አትፈትኑ። ለሱፐርዩዘር መልሱ ሁልጊዜ «ይችላል» ስለሆነ የተከፈተ ቀዳዳ አይታያችሁም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከወጣው 5.1 ጀምሮ ሁሉንም ገጽ ባንዴ የሚዘጋ ሚድልዌር (በየጥያቄው መሀል የሚገባ ኮድ) መጥቷል። መግቢያ ሳይጠይቅ የሚከፈተውን ለይታችሁ ትነግሩታላችሁ። ድሮ ተቃራኒው ነበር፤ አንድ ገጽ ከረሳችሁ ለመንገደኛ ሁሉ ክፍት ነው። ለዚህ ብቻ እንኳ ቨርዥን መቀየር ያዋጣል።

የተጠቃሚ ሞዴሉ ለኛ አልተሰፋም። ስምና የቤተሰብ ስም ነው የሚለው፤ የአያት ስም ቦታ የለውም። መግቢያውም የተጠቃሚ ስም እንጂ ስልክ አይደለም። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ሲጀመር፣ የመጀመሪያው ማይግሬሽን (የዳታቤዙን ሠንጠረዦች የሚሠራው ትእዛዝ) ከመሄዱ በፊት፣ የራሳችሁን ሞዴል ሥሩ። መሀል ላይ መቀየር ራስ ምታት ነው። ስልኩንም ከመቀመጡ በፊት ወደ አንድ መልክ አምጡት፤ አንዱ በ09፣ ሌላው በ251 ይጽፈዋልና። የሳፋሪኮምን 07 አትርሱ። ፓስወርድ ለረሳ ሰው ሊንክ የሚላከው በኢሜይል ነው፤ ኢሜይሉን ከፍቶ የማያውቅ ሠራተኛ ግን ሞልቷል። በኤስኤምኤስ መላኩን ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ።

የመጨረሻው ጉድለት፦ ፓስወርድ ደጋግሞ የሚሞክርን ሰው ጃንጎ አያስቆምም። ለዚህ ብዙዎቻችን ጃንጎ አክሰስ (django-axes) የሚባለውን ጥቅል እንጨምራለን። ጥሩ ነው፣ ግን እንዳለ አትተዉት። ሳይነካ ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱ በአይፒ (በኔትወርክ አድራሻ) ይቆልፋል፤ በራሱም አይከፍትም። ቅርንጫፉ በሙሉ በአንድ ራውተር ከወጣ፣ አንዷ ፓስወርዷን ስትረሳ ሁሉም ይቆለፋሉ። መቆለፊያውን በተጠቃሚ ስምና በአይፒ ጥምር አድርጉት፣ የሚከፈትበትንም ሰዓት ወስኑለት። አለዚያ ቅዳሜ ጠዋት የሚደወለው ለእናንተ ነው።