ለቮኮደር የሚሆነኝን ማይክሮፎን ላስመረጡኝ የፒያሳው ጠጋኝ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የማቀርበው እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ፣ ሬዲዮ፣ አምፕሊፋየርና ሞንታርቦ ለሚጠግኑ አንድ አባት ነው። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዳይጻፍ ስለ ጠየቁኝ ፈቃዳቸውን አከብራለሁ፤ የሠሩልኝን ሥራ ግን በዝርዝር መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም በከተማችን ኪቦርድ የሚጫወቱ ብዙ ወንድሞችና እህቶች ተመሳሳይ ጥያቄ እንዳላቸው አውቃለሁ።

የምጫወትበት ሲንተሳይዘር (ድምፅ የሚፈጥር ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ) ቮኮደር፣ ማለትም ኪቦርዱ ራሱ የሚናገር የሚያስመስል ክፍል፣ አለው። አብሮት የመጣው አንገቱ የሚታጠፍ ቀጭን ማይክሮፎን ቤት ውስጥ ብቻዬን ስለማመድ ይበቃኛል፤ መድረክ ላይ ግን የከበሮውን፣ የማሲንቆውንና ከጎኔ ያለውን የሞንታርቦ ድምፅ ሁሉ ሰብስቦ ያስገባል። ቮኮደር በማይክሮፎን የገባውን ማንኛውንም ድምፅ እንደ ንግግር ስለሚቆጥረው፣ እኔ አፌን ሳልከፍት ከበሮው በተመታ ቁጥር በጣቶቼ የያዝኩት ኮርድ (አንድ ላይ የሚሰሙ ኖታዎች) አብሮ ይጮኻል። ትዝታ በዝግታ ሲዜም ይህ የሚያደርሰውን ጉዳት የሞከረው ያውቀዋል። ስለዚህ ለስቱዲዮ የሚያገለግል ትልቅ ኮንደንሰር ማይክሮፎን ለመግዛት አስቤ ምክር ፍለጋ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

እሳቸው ስለ ዋጋም ስለ ብራንድም ከመናገራቸው በፊት፣ «ልጄ፣ መጀመሪያ ይህ መሣሪያ ድምፅህን ወስዶ ምን እንደሚያደርገው አስረዳኝ» አሉኝ። ቮኮደሩ ድምፄን ከወፍራም እስከ ቀጭን በብዙ ክፍሎች እንደሚከፋፍል፣ በየክፍሉ ድምፁ ሲጨምርና ሲቀንስ እንደሚከታተል፣ ያንንም መጠን በኪቦርዱ ድምፅ ላይ እንደሚያሳርፍ ነገርኳቸው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ ሆመር ደድሊ በተባለ መሐንዲስ የተጀመረው ንግግርን በጠባብ የስልክ መስመር ለማስተላለፍ መሆኑን ስጨምርላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ሥራ ያሳለፉ ሰው ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። «እንግዲያው የሚያስፈልግህ የሚያምር ድምፅ ሳይሆን ከሌላ ድምፅ ጋር ያልተቀላቀለ፣ ፊደሉ የሚለይ ድምፅ ነው» አሉ። ለዘፋኝ ማይክሮፎን ስንመርጥ የምናደንቀው የድምፅ ውበት ቮኮደር ውስጥ ሲገባ አብዛኛው ይጠፋል፤ ዜማውን የሚሰጠው ኪቦርዱ ነውና።

ኮንደንሰሩን እንድተወው የመከሩኝም በዚሁ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ 48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይክሮፎኑ ገመድ በኩል የሚላክ ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፤ የእኔ ሲንተሳይዘር ደግሞ ይህን አይሰጥም። ኃይሉ በሚክሰር በኩል ቢገኝ እንኳ በጣም ስሱ በመሆኑ የክፍሉን ማስተጋባትና የጓደኞቼን መሣሪያ ይዞ ይመጣል። ከዚያ ይልቅ ከፊት ለፊቱ የሚመጣውን ድምፅ ብቻ አጥብቆ የሚይዝ፣ ለአፍ ቀርቦ የሚያዝ ተራ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ይሻላል አሉኝ። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ የሚመረተው ሹር ኤስ ኤም 58 የዚህ ዓይነት ነው፤ ከ50 እስከ 15,000 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ስለሚቀበል ለንግግር ከበቂ በላይ ነው።

በምክር ብቻ አላቆሙም። ሱቃቸው ውስጥ ያሉትን ማይክሮፎኖች በየተራ ከሲንተሳይዘሬ ጋር እያገናኙ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ እኔ በቮኮደሩ በኩል «መጣ» ወይም «መታ»፣ «ጠራ» ወይም «ተራ» ስል የሰሙትን ይነግሩኝ ነበር። ይህን የመሰለ ፈተና ከባለሙያ አይቼ አላውቅም። ጠ፣ ቀ፣ ጨ እና ጸ ሲነገሩ የሚሰማው ፍንዳታ እጅግ አጭር ነው፤ ማይክሮፎኑ ከአፍ ሲርቅ ፍንዳታው ከክፍሉ ማስተጋባት ጋር ተቀላቅሎ ይደበዝዛል፤ ቮኮደሩም የፊደሉን ልዩነት ያጠፋዋል። አንገቱ በሚታጠፈው ማይክሮፎን «መጣ» እና «መታ» ሲምታቱባቸው፣ ዳይናሚኩን ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ ስናገር ግን ሳይቸገሩ ለዩአቸው። በአማርኛ ለሚዘፍን ሰው ከዚህ የበለጠ መመዘኛ ያለ አይመስለኝም።

ገመዱንም ራሳቸው ሠሩልኝ። የማይክሮፎኑ ሶኬት ባለ ሦስት እግር ኤክስ ኤል አር ሲሆን የሲንተሳይዘሩ መግቢያ 6.3 ሚሊ ሜትር ጃክ ነው፤ 2 ቁጥሩን እግር ከጃኩ ጫፍ ጋር፣ 1 እና 3 ቁጥሮቹን አንድ ላይ አድርገው ከጃኩ አካል ጋር በየዱልኝ። እንዲህ ያለው ገመድ ሲረዝም ሁካታ ስለሚስብ አሳጥረው ሠሩት። የዳይናሚክ ማይክሮፎን ኃይል ለሲንተሳይዘሩ ባነሰ ጊዜ ደግሞ ማይክሮፎኑን በቀጥታ ከባንዳችን ሚክሰር ጋር አገናኝቼ፣ ከሚክሰሩ የኦግዚለሪ መውጫ (ድምፁን ለብቻው ወደ ሌላ መሣሪያ ከሚልከው ተጨማሪ መውጫ) ወደ ሲንተሳይዘሩ እንድልክና የሲንተሳይዘሩን መግቢያ ከማይክ ወደ «ላይን» (ከማይክሮፎን ለሚበረታ ድምፅ ወደተዘጋጀው) እንድቀይር አሳዩኝ። በዚህ አሠራር ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። ኦግዚለሪው ድምፁን ከፌደሩ (የቻናሉን ድምፅ ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በፊት የሚወስድ መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ፌደሩን ዘግቼ ያልተቀየረው ድምፄ ለታዳሚው እንዳይሰማ ማድረግ እችላለሁ። ሲንተሳይዘሩ በሚመለስበት ቻናል ላይ ያለው ኦግዚለሪ ደግሞ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አለበት፤ ካልተዘጋ ድምፁ ዞሮ ተመልሶ ይጮኻል። ማይክሮፎን ለአፍ ሲቀርብ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚያይል የሚክሰሩን ሎው ከት (ወፍራም ድምፅ የሚቀንሰውን ቁልፍ) እንድከፍት አዘዙኝ፤ ከመብራት መስመር የሚመጣው የ50 ኸርዝ ጉምጉምታም በዚሁ ይቀንሳል።

ከሁሉም በላይ ያከበርኳቸው ለኪቦርዱ ድምፅ በሰጡት ትኩረት ነው። ለስለስ ያለ የዋሽንት መሰል ድምፅ መርጬ ስጫወት ሰምተው፣ ቀጭን ድምፅ የሌለበት ነገር ስ እና ሽን ከየት ያመጣል ብለው ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ ወዳለበት ወደ ሳውቱዝ (የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያለው) ሞገድ አስቀየሩኝ፤ ቃላቱ በዚያው ቅጽበት ጠሩ። ውድ ዕቃ ሸጠውልኝ ማትረፍ ሲችሉ፣ የተቀበሉኝ የርካሹን ማይክሮፎን ዋጋና የገመዱን ሥራ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ወደ እሳቸው መሄድ የምትፈልጉ ፒያሳ ደርሳችሁ የሞንታርቦ ጠጋኙን ሽማግሌ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ማይክሮፎን ለማስመረጥ ከሆነ ግን ሲንተሳይዘራችሁን ከነአዳፕተሩ ይዛችሁ ሂዱ፤ መሣሪያውን በጆሯቸው ሳይሰሙ ምክር አይሰጡም። እሑድና በበዓላት ሱቃቸው ዝግ ነው።